የድሬሰር ባፈና መርፌ

ልጄ ሊያ፣ ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

በቀደም ደብረ ብርሃን ደሜን መርምረው፣ «ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስ አለብዎት፤ ምናልባት ድሮ በመርፌ ገብቶ ይሆናል» አሉኝ። ሳያመኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ተደብቆ ኖረ? ምንስ ሲጠብቅ?

ያኔ ሰፈራችንን የሚያክመው ድሬሰር ባፈና ትዝ አለኝ። በገበያ ቀን ወረፋው ሲበዛበት መርፌውን ሙቅ ውኃ ነከር አድርጎ የሚቀጥለውን ሰው ይወጋበት ነበር። እኛም ኪኒን ንቀን መርፌ እንለምነው ነበር። ይኸው ዛሬ ኪኒን እየዋጥኩ ነው፤ በሦስት ወር ይጠፋልዎታል ብለውኛል።

ያኔ በልጅነትሽ ሳል ይዞሽ መርፌውን ፈርተሽ ስታለቅሺ፣ እንድትደፍሪ ብዬ እኔ ለወገብ ሕመሜ ቀድሜ ተወጋሁ። በዚያው መርፌ አንቺ ተከተልሽ።

እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ። እባክሽ ልጄ፣ ደምሽን ተመርመሪ።

እናትሽ እናናየሁ