መርዶ ያልደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን

አስካለ፤

የወንድሜን ሞት አሥራ አንድ ቀን ደብቀሽኛል። ሌላ ነገር ከማንሳቴ በፊት ይህን አስቀድማለሁ፤ በሕይወት ሳለሽ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ በወጉ አልነገርኩሽምና። በደልሽኝ። ጋሼ ወርቁ አፈር ለብሶ ሳለ እኔ በሰው አገር መንገድ ላይ ብስክሌት እየነዳሁ እንድስቅ አደረግሽኝ።

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይት ሰፈር ባለው የኪራይ አዳራሽ ወጣ፤ ሰዉ ቦታ አጥቶ ቆሞ ነበር። ኒድ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። መስኮቶቹን በአዲስ ለውጠውልናል፤ የባቡሩ ድምፅ ከእንግዲህ አይገባም፤ ዝምታውን ግን አልለመድኩትም። በረንዳው ላይ ከተውሻቸው አበቦች ሁለቱ ደርቀዋል። ልጃችን ሰብለ ውሃ አብዝተህ ነው ትላለች፤ እኔ አሳንሼ ነው እላለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም። እሑድ እሑድ እየመጣች ማቀዝቀዣውን ከፍታ እንደ ጉምሩክ ትፈትሸዋለች። "ፓፓ፣ የሐኪም ቴርሚንህን ደግሞ ረሳኸው?" ትለኛለች። ቀጠሮውን አልረሳሁትም። አልሄድም ብዬ ነው የቀረሁት።

ይህን ደብዳቤ ለማኅበራችን መጽሔት የምሰጠው ሆን ብዬ ነው። ያዋረድኩሽ በሰው ፊት ነበር፤ ስለዚህ የምጽፍልሽንም ሰው ያንብበው።

ጡረታ የወጣሁበት በጋ ነበር፤ የበርሊን ግንብ ከፈረሰ አምስተኛ ዓመቱ። ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ ማሽን ሲጠግን የኖረው ፖላንዳዊው ስታሼክ፣ እህቱ ስላለችበት የምሥራቅ ፖላንድ ገጠር ሲያወራልኝ ዓመታት አልፈዋል። "ዘውዴ፣ እዚያ መኪና የለም፣ ሽመላ ብቻ ነው ያለው" ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያሰብኩትን ሳላደርግ አልቀርም። ካርታ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከመዝገበ ቃላት ሰባ የፖላንድ ቃላት መርጬ በቃሌ ያዝኩ፤ ጀርመንኛንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፣ ጋሼ ወርቁ ፊደል ካስቆጠረኝ ወዲህ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። የሁለታችንን ብስክሌት ኬለር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ፈትቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ መልሼ ገጠምኩ። አንቺ ብስክሌት የለመድሽው ከሃምሳ ዓመትሽ በኋላ ኒዳ ወንዝ ዳር ነው። "በእርጅናዬ ልታስፈጠፍጠኝ ነው!" እያልሽ፣ ግን ሳትወርጂ።

በምንሄድበት ዋዜማ ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። እኔ የጎማ መለጠፊያ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ከደሴ የደወለው የጋሼ ወርቁ ልጅ ነው። አባቱ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን ነበር። አንቺ ስልኩን ዘጋሽ፤ ፊትሽን ታጠብሽ፤ ስመለስ የመንገድ ስንቅ ስትጠቀልዪ አገኘሁሽ። "መለጠፊያውን አገኘህ?" አልሽኝ። አገኘሁ አልኩሽ።

የኛን ሰው ወግ አውቃለሁ። መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰውም አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። አባቶቻችን እንዲህ ያደረጉት በብልሃት ነው፤ አልነቅፍም። ግን እኔ ገና መንገደኛ አልነበርኩም። ሻንጣዬ ያለው ቤቴ ውስጥ ነበር፤ ጫማዬን እንኳ አላሰርኩም። በዚህ ክርክር እስከ ዛሬ ያሸነፈኝ የለም።

በባቡር በርሊን፣ ከዚያ ዋርሶ፣ ከዚያ ቢያሊስቶክ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ያለው በብስክሌት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ከዚያ በፊት አላየሁም። ግራና ቀኙ ዕድሜ የጠገበ ዛፍ፤ አስፋልቱ አልቆ አሸዋ ይሆናል፣ አሸዋው አልቆ ኮብልስቶን ይሆንና ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በየኤሌክትሪክ ምሰሶው አናት የሽመላ ጎጆ። በየመስቀለኛው መንገድ ጥብጣብ የታሰረበት የእንጨት መስቀል። ሰው ሲያየን ሥራውን አቁሞ ያየናል፤ ሁለት ጥቁር አዛውንቶች በብስክሌት በዚያ ሲያልፉ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ባርኔጣውን ያነሳል። በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከሄድን ብዙ ነው። አንቺ ትንሽ ነድተሽ ትወርጂያለሽ፤ አሮጊቶች በብርጭቆ ማሰሮ ይዘውት የተቀመጡትን ሰማያዊ የጫካ ፍሬ ጣትሽ እስኪጠቁር ትበያለሽ። እኔ ካርታዬን ዘርግቼ "በዚህ አካሄድ የምንደርሰው ለገና ነው" ስልሽ፣ "የት ልንደርስ?" ትይኛለሽ።

እና ትጠይቂኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ አጃ ማሳ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን፣ "አንተንስ ብስክሌት ማን አስተማረህ?" አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ይህን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ነገርኩሽ። ጋሼ ወርቁ ኮምቦልቻ ላይ በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት ይዞልኝ፣ "ይዤሃለሁ፣ አትፍራ፣ ንዳ!" እያለ ከኋላዬ ሲሮጥ፣ ለካ መቀመጫውን ከለቀቀው ቆይቷል። ዞር ብዬ ሳይ እሩቅ ቆሞ በሳቅ ይንፈራፈራል። አታለለኝ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። አንቺ ይህን ስትሰሚ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። የሳቅ እንባ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ትንሽ የእንጨት ድልድይ ላይ ፊደል እንዴት እንዳስቆጠረኝ ጠየቅሽኝ። በሦስተኛው ቀን አባታችን ሲሞት ምን እንዳደረገ። በአራተኛው ምን ዘፈን ይወድ እንደነበር፤ እኔም ጫካው መሀል ድምፄን ለቅቄ ዘፈንኩልሽ። "ምን ነክቶሽ ነው ጋሼ ወርቁን ጋሼ ወርቁን የምትዪው?" ስልሽ፣ "ከወንድማማቾቹ የተሻለውን ትቼ አንተን ማግባቴን ላረጋግጥ ብዬ ነው" ብለሽ አሾፍሽብኝ። ሳቅኩ። እንዲያ ባለ ሳምንት ሳቅኩ።

በአምስተኛው ቀን ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አገኘን፤ እንደኛው ኦርቶዶክስ። ውስጥ ገብተን አንዲት ጠባቂ አሮጊት በእጇ ምልክት የሆነ ነገር ስታስረዳሽ፣ እኔ ጣራው ያለ ምስማር እንዴት እንደተጋጠመ አንጋጥጬ እያየሁ ነበር። ዓይኔን ስመልስ አንቺ ጥግ ላይ ዝቅ ባለች፣ አሸዋ በሞላባት ገበታ ፊት ተንበርክከሽ ጧፍ ስታቆሚ አየሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ከሥዕሉ ፊት ከፍ ባለው መቅረዝ ላይ ነው ያበራው። ተቆጣሁሽ። "የሰው አገር ሥርዓት አታበላሺ፤ የሰው ሁሉ ጧፍ እላይ ሆኖ ያንቺ ምን ጥግ ይከተዋል?" አልኩሽ። "እሺ ጌታው" ብለሽ ተነሳሽ። ጧፉን ግን ከቦታው አላነሳሽውም።

ፍራንክፈርት በተመለስን በሦስተኛው ቀን ማለዳ የደጃችን ደወል ጮኸ። ስምንት ሰዎች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው። የማኅበራችን ታላቅ አቶ በላቸው ትከሻዬን ይዘው "ወንድሜ ዘውዴ፣ እንግዲህ ቁርጥህን እወቅ" አሉኝ። አለቀስኩ። እንባዬን ስጨርስ "መቼ?" አልኩ። የሞተበትንና ደውለው ለአንቺ የነገሩበትን ቀን ሲነግሩኝ በጣቴ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ አንቺ ዞርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ወንድሜ በሞተ ሳምንት ታዘፍኚኛለሽ? አንቺ ከባዳ የባስሽ ነሽ" አልኩሽ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። አንቺ አፍሽን በነጠላሽ ሸፈንሽ። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንዲያ ኖርን። ጨው አቀብዪኝ፣ ቁልፉ የት ነው፣ ደብዳቤ መጥቷል፤ ከዚህ ያለፈ አልተነጋገርንም። በሚቀጥለው በጋ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተሽ "ዘንድሮስ?" አልሽኝ። እግሬን ያመኛል አልኩ። እግሬ ደህና ነበር። ብቻሽን ኒዳ ዳር ስትነጂ በመስኮት አይሽ ነበር፤ አንድ ቀን ጎማሽ ተንፍሶ እየገፋሽ ስትመጪ አይቼ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ። በሚያዝያ ከገበያ ስትመለሺ ደረጃው ላይ ልብሽ ቆመ። ያን ጊዜም ገና አኩርፌሽ ነበር።

ዘንድሮ ፖላንድ የሄድኩት አሥራ አንዱን ቀን ላስመልስ ነው። የሳቅኩበት ቦታ ሁሉ ቆሜ ለጋሼ ወርቁ ላለቅስለት። ሰብለ "ፓፓ፣ በስልሳ ስምንት ዓመትህ? ብቻህን?" ብላ ጮኸች። ጩኸቷን ጨርሳ ባቡር ጣቢያ ሸኘችኝ።

አጃ ማሳው ዳር ብስክሌቴን አጋድሜ ተቀመጥኩ። እንባ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። የመጣልኝ ጋሼ ወርቁ እሩቅ ቆሞ ሲስቅ ነው። ተነስቼ ቀጠልኩ። ድልድዩ ላይ ፊደል በእንጨት ጫፍ አመድ ላይ ሲጽፍልኝ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ያለች አንዲት ሱቅ ደጃፍ፣ አባታችን የሞተ ሰሞን የራሱን ኮት አስቆርጦ ለኔ ሲያሰፋልኝ። ጫካው ውስጥ ደግሞ የራሴን ዘፈን ሰማሁ፤ ለካ ያ የሱ ዘፈን ነበር። የሄድኩበት ሁሉ እሱ ቀድሞኛል። እዚያ ያደረስሽው አንቺ ነሽ። ጀርመን አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስለ ወንድሜ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ለቀስተኛ ሲቀመጥ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? ሟቹን እያነሳ ያወራል፤ ሌላው ይሰማል፤ የሚስቀው ይስቃል፤ የሚያለቅሰው ያለቅሳል። ያ ሁሉ መንገድ ለቅሶ ቤት ነበር። እኔ አላወቅኩም። አውቀሽ የተቀመጥሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ያውም ያለ አጽናኝ።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስደርስ አሮጊቷ አለች፤ ጎብጣለች እንጂ አለች። በሰባዎቹ ቃላቴ ጠየቅኳት። ከፍ ያለውን መቅረዝ አመልክታ "ለሕያዋን" አለች። ዝቅ ያለችውን ገበታ አመልክታ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ዓይኗን ጨፈነች። ሥርዓቱን ያወቅሽው አንቺ፣ ያበላሸሁት እኔ። ሁለት ጧፍ አሸዋው ላይ ተከልኩ። ጉልበቴ ከታጠፈ በኋላ አልነሳ አለኝ፤ አሮጊቷ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

አሁን የማምንበትን ልጻፍ። ልትነግሪኝ ይገባሽ ነበር። ስለ ሞትሽ ብዬ ይህን አልለውጥም፤ አንቺም ብለውጠው አታምኚኝም። ግን "ከባዳ የባስሽ" ያልኩት ሐሰት ነው። የወንድሜን ሐዘን ከሥጋ ዘመዶቹ እኩል የተሸከመች ሴት ባዳ አትባልም። ያን ቀን ማለዳ ቤቴ የነበራችሁ ስምንታችሁ፣ ቃሌን እንደሰማችሁ ቃሌን ስመልስም ስሙ። ለሁለት ዓመቱ ዝምታ ግን የምመልሰው ነገር የለኝም። እሱ የኔ በደል ነው፤ ይዤው እቀመጣለሁ።

አስካለ፣ እግሬ እስከቻለ በየበጋው ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ሳይችል ሲቀር ሰብለን ቁጭ አድርጌ ስላንቺ አወራላታለሁ፤ በአማርኛ ትሰማኛለች፣ በጀርመንኛም ብትመልስልኝ ግድ የለም። ስምሽ ከቤቴ አይጠፋም። ያንን የመርዶ ነገር ግን ከዚህ ወረቀት በኋላ አላነሳውም። ሰብለ ብትጠይቀኝ አልመልስም። አቶ በላቸው ቢያነሱብኝ ተነስቼ እወጣለሁ። በወዲያኛው ዓለም ጋሼ ወርቁ ራሱ ይዞኝ "ሞቴን ሳትሰማ እንዴት ቆየህ?" ቢለኝ፣ ለእሱም አልናገርም።

ባልሽ ዘውዴ