የልብስ ሰፊዋ የወይዘሮ አሳየሽ ጩማ የሕይወት ታሪክ፤ የበሽታቸው ስም ሳይደበቅ

ወይዘሮ አሳየሽ ጩማ ከአባታቸው ከአቶ ጩማ ሻንካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚርያም ባሳ፣ በወላይታ፣ በኪንዶ ኮይሻ ቤሌ አካባቢ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሳምንት፣ በመስከረም 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤሌ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ በ1971 ዓ.ም. ሶዶ ወደሚኖሩት አክስታቸው መጡና ስፌት ለመዱ። በ1977 ዓ.ም. ከመምህር ኤልሳዕ ዱባለ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ቤቴልን፣ ሚልክያስንና ምሕረትን ወልደዋል።

ለአርባ ዓመታት ያህል በዚህች ከተማ የስንቱን ተማሪ ዩኒፎርም፣ የስንቱን መዘምራን ልብስ ሰፉ። ዛሬ ከሚዘምሩላቸው መካከል እርሳቸው ያልለኩት ትከሻ ጥቂት ነው። ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ የገዛ አንገታቸውን ግን አልለኩትም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከቀኝ መንጋጋቸው በታች እብጠት ወጣ። አያምም፤ ሲነኩት እንደ ጎማ ይለመጣል። አንዱ እንቅርት ነው፣ ሌላው የጥርስ ጣጣ ነው፣ ካላመመ ምን አለው ተባለ። እርሳቸውም ኮሌታቸው ሲጠብ ፈትተው አሰፉት፤ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ። ኋላ በራሳቸው እየሳቁ፣ “በሽታው ቤት ጠበበኝ ሲል እኔ ክፍል እጨምርለት ነበር” ይሉ ነበር።

ላቡ አንሶላ ማራስ ሲጀምርና ቀሚሱ ከወገባቸው ሲላቀቅ ልጃቸው ምሕረት ኦቶና ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ከአንገታቸው ናሙና ተወስዶ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውጤቱ የንፍፊት ካንሰር፣ ሐኪሞች ሊምፎማ የሚሉት ሆነ። ንፍፊት በሁላችንም አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ያለ የሰውነት ዘበኛ ነው፤ በዚህ በሽታ ዘበኛው ራሱ ይሸፍታል። ልጆቹ እንደ አገራችን ልማድ ውጤቱን ደብቀው “ቀላል ነገር ነው” አሏቸው። እርሳቸውም፣ “ስንት ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ፣ የእናንተን ፊት መለካት ያቅተኛል? ወረቀቱን ወዲህ በሉ” አሉ።

ሐዋሳ እየተመላለሱ ስድስት ዙር ኬሞ ወሰዱ። እብጠቱ ጠፋ፤ ናሙና የተወሰደበት ጠባሳ ቀረ። በነጠላ ሸፍኚው ሲባሉ የቀሚሶቻቸውን ኮሌታ ሁሉ በመቀስ ቆርጠው ጥለው፣ ጠባሳውን ገልጠው ገበያ ወጡ። ስሙን መጥራት እምነት ማጉደል ነው ላሏቸው የጸሎት እኅቶች፣ ጌታ እንኳ ዕውሩን የሚፈልገውን በሰው ፊት እንዳስነገረው እያስታወሱ አብረው ይጸልዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኮሌታ ሲለኩ ጣታቸው ከደንበኛው መንጋጋ ሥር ሳይዳስስ አያልፍም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የረጅም ዘመን ጨርቅ አቅራቢያቸው በሆኑት በአቶ ጀማለዲን አንገት ላይ እብጠት አገኙ።

“እትዬ አሳየሽ፣ እኔ ያዘዝኩት ሸሚዝ ነው፤ ምርመራ አይደለም” አሉ አቶ ጀማለዲን።

“የሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ሸሚዙን አታየውም፣ ጀማል።”

ሸሚዙ ሁለት ሳምንት ታግቶ ሰነበተ። ሲመረመሩ የንፍፊት ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ ስድስት ወር መድኃኒት ወስደው ዳኑ። ዛሬ ያንኑ ሸሚዝ ለብሰው በመካከላችን ተቀምጠዋል።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ በሽታው ተመለሰ። ወይዘሮ አሳየሽ አልጋ ላይ ሆነው ታናሽ ወንድማቸውን አንጁሎን አስጠርተው ይህን ታሪክ ማስጻፍ ጀመሩ። የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም አቶ ወልደመስቀል፣ “በሕዝብ ፊት የበሽታ ስም አይነበብም፤ ‘ባደረባቸው ሕመም’ ከተባለ ይበቃል” ብለው መከሩ።

“ጋሼ፣ በሽታው እኔን ሲይዝ አላፈረም፤ እኔ ስሙን ስጠራው ለምን አፍራለሁ? ‘ባደረባቸው ሕመም’ ብላችሁ ከቀበራችሁኝ ሁለት ጊዜ ቀበራችሁኝ።”

አቶ ወልደመስቀል በመጨረሻ፣ “እንግዲያው ሳይሸራረፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ” አሉ፤ ይኸው እየተነበበ ነው።

ወይዘሮ አሳየሽ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በቤታቸው፣ ልጆቻቸው እየዘመሩላቸው በንፍፊት ካንሰር አረፉ። የለበሱት ራሳቸው የሰፉት፣ ኮሌታ የሌለው ነጭ ቀሚስ ነው።

ባለቤታቸው መምህር ኤልሳዕ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል። የሠራቸው ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።

ከዚህ ጸሎት በኋላ ይነበብ ብለው ያስጻፉት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፦ “ከዚህ ሳትነሱ አንገታችሁን ዳስሱ። ሦስት ሳምንት ያለፈው እብጠት ያገኘ፣ ባያመውም ነገ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ኮሌታ አታስፉ።”