የአባትህ ስልክ ቁልፍ

ልጄ ሙኒር፣ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ፤ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። አከም ጂርታ፣ እንዴት ነህ? ማሽላው አምሮበታል፤ ላሚቱም በደህና ወልዳለች።

አባትህ አሁን አልሐምዱሊላህ ድኗልና ሳትደነግጥ አንብበው። ጨፋ ሮቢት በሬ ሊያይ ሄዶ ስኳሩ ወረደበትና ገበያ መሀል ወደቀ። ሰርካለም የምትባል በርበሬ ሻጭ ጥላ ስር አስተኛችው። ቤተሰቡን ልትጠራ ስልኩን ብታነሳ፣ አንተ ያስገባህለትን የሚስጥር ቁጥር ጠየቃት። «አባባ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» ብትለው ምላሱ ተሳሰረ። እኔም ሲዘገይብኝ ጨንቆኝ ደወልኩ፤ የመጣ ጥሪ ለማንሳት ቁጥር አይጠይቅምና ሰርካለም አነሳችው።

«እማማ፣ ሰውዬው ወድቀዋል፤ ምን አለባቸው?»

«ስኳር አለበት! ጣፋጭ ነገር አቅምሽው!» ብዬ ጮህኩ።

ስኳር በጥብጣ ጠብ ጠብ ስታደርግለት ዓይኑን ገለጠ። ባልደውልስ ኖሮ?

አባትህ «ቁልፉን አንሱልኝ» ይላል፤ እኔ እምቢ አልኩ። ባቲ ገበያ የተሰረቀው የድሮ ስልኩ ቁልፍ ስላልነበረው ሌባው በስሙ ለዘመድ ሁሉ «ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ እየጻፈ ያዋረደን አልወጣልኝም። ስልክ ጠጋኙ ደረጀ ግን ስልኩ ሳይከፈት የእኔን ቁጥርና ሕመሙን እንዲያሳይ አድርጎ አስተካከለልን።

አደራህን ልጄ፣ አንተም በስልክህ እንዲሁ አድርግ። በሰው አገር ብትወድቅ ማን ያውቅሃል? ለእኔ ይደውሉ። ቋንቋቸውን ባላውቅም ስምህን ከጠሩልኝ ይገባኛል።

አላህ ከፊትህም ከኋላህም ይሁንልህ።

እናትህ ዑሙልኸይር፣ ከከሚሴ