የሁለት ሰው ጀልባ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ስለ ሶፋ ማስታወቂያ ስጽፍ ዋልኩ። "ቤትዎን የሚያሞቅ ሶፋ።" ሶፋ ቤት ያሞቃል እንዴ? ባለሱቁ አነበበና "ትንሽ ስሜት ጨምሪበት" ብሎ መለሰልኝ። ሶፋ ላይ ምን ስሜት ይጨመራል…

እማ ደጋግማ ገባች። ሽንኩርት አልቋል። የጋዝ ሰውዬው መጥቷል። አክስቴ ሃያት ስልክ ላይ ናት፣ ሰላም በያት።

"እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ጎንበስ ብላ ኮምፒውተሩን አየች። "እኔ የሚታየኝ ጀልባ ነው።"

እውነቷን ነው። ጌሙ ክፍት ነበር።

ከሹክሪ ጋር ትንሽ ተጫወትን። ጀልባዋ ያለ ሁለት ሰው አትሄድም፤ አንዱ መሪ፣ ሌላው ሸራ። እኔ መሪ፣ እሱ ሸራ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቢዜርት ከተማ እንደሚኖር፣ ባለትዳር እንደሆነ አውቃለሁ። መልኩን ግን አላውቀውም። ድምፁን ብቻ፣ በማዳመጫ። ዛሬ ጉንፋን ይዞታል።

ከእማ ሌላ ያናገርኩት ሰው እሱ ብቻ ነው። ትናንትም እንደዚሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ሙዒዝ መለሰልኝ! ቱኒስ ላለው ድረ ገጹ ስለ ጌም የጻፍኩትን ስልክለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ዛሬ ደወለ።

"ኤምና፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ግን ይኼኛው ጌም ያምራል፣ ያኛው ይከብዳል የሚለኝ ሞልቷል። ሰው አምጪልኝ።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"የሚተነፍስ!"

ከየት ላምጣ? የምኖርባት ስፋክስ ሙሉ ሰው ናት። እኔ የማውቀው እማንና የጋዝ ሰውዬውን…

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ለቀልድ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ ሥራ የለህም እንዴ? ድሮ ማታ ነበር የምትገባው፤ ከወራት ወዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት በሆነ ቁጥር እዚህ ነህ።"

 ሸራውን ለቀቀው። ጀልባዋ ዝም ብላ ሄዳ ድንጋይ ላይ ወጣች።

"የለኝም" አለ።

ይሠራበት የነበረው የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ወጥቷል። በኤፕሪል ነው። ለሚስቱ አልነገራትም። ጠዋት ምሳውን ይዞ ይወጣና ኢንተርኔት ቤት ይቀመጣል፤ ማታ በሰዓቱ ይገባል። የስንብቱን ገንዘብ በየወሩ ደመወዝ ነው እያለ ይሰጣታል። ሲያልቅስ? "ሲያልቅ እንጃ።"

ከኋላው የሰው ጫጫታ፣ የወንበር ድምፅ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ሆኖ ይመስለኝ ነበር።

"ዘንድሮ ደግሞ ሚስቴ አዲስ ነገር ጀምራለች" አለ። መንደሪኑን ልጣ፣ መልሳ በልጣጩ ጠቅልላ ምሳ ዕቃው ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ሽቦ ሲነካ እጁ በልጣጩ እንዳይጣበቅ ብላ ይመስለዋል። ሳቀ፣ ከዚያ አሳለው። "ሽቦ! የያዝኩት ጆይስቲክ ነው እኮ፣ እህቴ።"

 "ድንጋዩ ላይ ነን" አልኩት። "አየሁት" አለ።

"ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው። አንቺን ስለማላውቅሽ ይሆናል።"

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ጻፍኩት። ከቁርስ በፊት ተቀምጬ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። እማ ገብታ ስትወጣ እንኳ አልሰማኋትም።

ስሙን ሪዳ አልኩት። ከተማውን ጋቤስ አደረግኩት። ፋብሪካውን የጫማ።

መንደሪኑስ? አወጣሁት። አነበብኩት። ጽሑፉ ሞተ። መልሼ አስገባሁት።

ልጠይቀው? እምቢ ካለኝስ… "ከኳስ ዜና ሌላ አላነብም" ብሎኝ የለ። ማን ያውቀዋል? ከሰዓት አብረን ስንጫወት ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ስለ ንፋሱ አወራሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ላክሁት። ሙዒዝ ወዲያው፦ "ይኼ ነው!"

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ወጣ። ቅዳሜ ዕለት። ስሜ ከላይ፣ በትልቁ። ስልኬ ማረፊያ አጣ። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች፣ ስንት ዘመን ያልደወለች ልጅ ሳይቀር…

እማ ለአክስቴ ሃያት በስልክ ስታነብላት ሰማሁ። መንደሪኑ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጄ ናት የጻፈችው። አዎ፣ ያቺው፣ ጌም የምትጫወተዋ።"

ደስ ብሎኛል። አለ አይደል፣ እግር መሬት ሲለቅ።

ጠዋት ሹክሪ አልገባም። ጉንፋኑ ይሆናል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ዛሬም የለም። ሳምንት ሆነው። "ደህና ነህ?" ብዬ ጻፍኩለት። አላየውም።

ብቻዬን ልሞክር ብዬ መሪውን ትቼ ሸራውን ሰቀልኩ። ተመልሼ መሪውን እስክይዝ ጀልባዋ ዞራለች። እዚያው ወደብ ላይ ስሽከረከር ቆየሁ።

አንብቦት ይሆን? አይደለም… የኳስ ዜና ብቻ ነው የሚያነበው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ስሙ በራ። ማዳመጫውን ዘልዬ አነሳሁ።

"አንተ! የት ጠፋህ? ጀልባዋ እኮ ወደብ ላይ በሰበሰች!"

 የሴት ድምፅ መለሰልኝ። "ኤምና ማለት አንቺ ነሽ?"

"ማን ልበል?"

"ሲሃም። የሹክሪ ባለቤት።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የምትሠራው ፀጉር ቤት ነው። አንዲት ደንበኛ ቀለም ተቀብታ ስትጠብቅ ጽሑፌን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሴቶቹ "ውይ፣ ምስኪን!" አሉ። አንዷ ደግሞ "ሚስትየዋ ግን ምን ዓይነት ደንቆሮ ናት? ባሏ ሥራ ፈትቶ አታውቅም?" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

"መንደሪኑ ጋ ስትደርስ እኔ መሆኔን አወቅሁ። እኔም ሳቅሁ" አለች ሲሃም። "ማበጠሪያ ይዤ ቆሜ፣ ምን ላድርግ?"

"ይቅርታ…"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። እኔ እኮ አውቃለሁ። ከሜይ ጀምሮ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። የፋብሪካው ሽታ ጠፋ፣ የሰው ሲጋራ ሽታ መጣ። ይኼ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ራሱ እንዲነግረኝ ነዋ! ደርሶም ነበር። በዚያ ሰሞን ሁለቴ 'ሲሃም፣ እስኪ ቁጭ በይ' ብሎኝ፣ ቁጭ ስል ስለ ቧንቧው አወራ። ሦስተኛው ላይ ይወጣው ነበር። አንቺ ቀደምሽው።"

ከኋላዋ ያ ጫጫታ፣ ያ የወንበር ድምፅ። እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ነበረች። የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት ለምና የሹክሪን ጌም አስከፍታ።

"ደግሞ መንደሪኑ…" አለች። "ለእጁ ብዬ አይደለም። የት እንደሚሄድ እያወቅሁ በር ላይ 'በርታ' ብሎ መሸኘት ከብዶኝ ነው። እጄ የሚሠራው ነገር ፈልጎ ነው።"

ሁሉም ያለቀሰበት ዐረፍተ ነገር። ውሸት ነበር። እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ።

ጽሑፉ ፀጉር ቤት በተነበበበት ቀን ማታ ሹክሪ ሲገባ፣ ስልኳን ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት። አነበበ። በማግሥቱ ቀሊቢያ ከተማ ወንድሙ ጋ ሄደ። ለጊዜው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ተቀጥሯል። "ሥራ ይዤ ነው የምመለሰው" ብሏታል።

ልትዘጋው ነው ብዬ ስጠብቅ፦ "እስኪ አሳዪኝ። ምን ስትሠሩ ነበር የምትውሉት?"

አሳየኋት። ሸራውን ያዘች። "የቱን ልጫን? ይኼን? ኧረ ወዴት ነው የምትወስጂን!" መብራት ቤቱን አልፈን ሰፊው ውኃ ላይ ወጣን። ፀሐይዋ እየገባች ነበር፣ የጌሙ ፀሐይ። 

"ስለ እኔ ያወራ ነበር?" አለችኝ።

"ምሳውን በከፈተ ቁጥር" አልኳት። ይኼስ እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ሙዒዝን ጽሑፉን እንዲያነሳው ለመንኩት።

"አብደሻል? ዘንድሮ ከወጣው ሁሉ ይበልጥ የተነበበው እሱ ነው! ስሙ ተቀይሯል፣ ከተማው ተቀይሯል። ምን ፈልገሽ ነው?"

"ሚስቱ አውቃዋለች። በጌሙ ገብታ አናገረችኝ።"

ምላሴ! ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። "አናገረችሽ? ምን አለችሽ? ኤምና፣ እሱን ጻፊልኝ። በቃ፣ ሌላ ሥራ ሁሉ ተይው።"

"አልጽፍም" ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ምን አደረግኩ? አዲስ ገጽ ከፈትኩ። "ሲሃም ከሜይ ጀምሮ ታውቅ ነበር።" ጥሩ መግቢያ። በጣም ጥሩ። እያየሁት ተቀመጥኩ… የራሴን እጅ ፈራሁት።

አጠፋሁት።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 17

ለሹክሪ ረጅም ይቅርታ ልኬለት ነበር። ብዙ ቀን የለፋሁበት። ሳሳምረው ራሴን ያዝኩት፣ ልክ እንደ ጽሑፍ። ኋላ ሁሉንም ቆርጬ "በድዬሃለሁ። መጠየቅ ነበረብኝ" ብቻ አልኩት።

ዛሬ መለሰ።

"አነበብኩት። ያኛውንም፣ ይኼኛውንም። ያኛውን ጥሩ ጽፈሻል። ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።"

እሁድ፣ ዲሴምበር 22

ከአንድ የማላውቀው ልጅ ጋር ጌሙ ውስጥ ገባሁ። ሸራውን ሳይሰቅል ሰደበኝና ወጣ።

እማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ያ ቀስ ብሎ የሚያወራው ሰውዬ ጠፋ" አለች። ትሰማን ነበር ለካ።

ሁሉንም ነገርኳት። ለአክስቴ ሃያት ስታነብላት የነበረችው ሴት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ፦ "እኔስ? ስለ እኔ ምን ጽፈሻል?"

"ምንም።"

"ምንም?" ቅር አላት ይሁን ደስ አላት፣ አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ስለ ፍራሽ ጻፍኩ። ባለሱቁ አልመለሰውም፤ ወዶታል ማለት ነው። ሙዒዝ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ወደ ጌሙም አልገባሁም። ጠዋቱ ረዘመብኝ… ብቻዬን ስሆን ጠዋት እንዲህ ረጅም ነው?

ከሰዓት ሲሃም ደወለች፤ ያን ቀን ስንለያይ ስልኬን ሰጥቻት ነበር። ሹክሪ ትናንት ቤቱ ገብቷል። በሩ ላይ ቆሞ ያላትን፣ እሷም የመለሰችለትን፣ ከዚያ ሁለቱ ያደረጉትን ነገረችኝ። እየሳቀች፣ መሐል ላይ እያቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ብጽፈው የምጨርስበት ቃል ሳይቀር ታየኝ።

"ኤምና" አለች። "ይኼን እንግዲህ…"

"አውቃለሁ" አልኳት።

እዚህም አልጽፈውም።