ሳያስፈቅዱኝ የወሰዱት እንቅርቴ

ይድረስ ለልጄ፤ የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ፣ ክፉ አይንካህ።

የእንቅርቴ ቀዶ ጥገና ቁስል ደርቋል፤ እህትህም ደህና ናት። ብቻ አንድ ነገር ሆዴን አቃጥሎታል። ለክትትል ብሄድ ነርሷ፣ «እማማ፣ ከምርመራ የተረፈው እንቅርትዎ ለጥናት እየዋለ ነው» አለችኝ፣ ምስራች እንደያዘ ሰው።

«ማንን አስፈቅዳችሁ?» ስላት ሐኪሙን ጠራችው።

«እናቴ፣ የሚጣል ነገር እኮ ነበር» አለኝ።

«አስራ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ገላዬ ነው። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር፤ አንተ ግን እንደሌለ ሰው ቆጠርከኝ» አልኩት።

አቀርቅሮ ይቅርታ ጠየቀኝና የፈቃድ ቅጽ አመጣ። ከላይ እስከ ታች አስነበብኩት፤ ለሌላ በሽተኛ ይጠቅማል ብዬ ፈረምኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

አንተም እዚያ ሳታነብ እንዳትፈርም። እሁድ ደውልልኝና ድምፅህን ልስማ። ሰውን ከሚያከብር ሰው ጋር ያውልህ።

እናትህ