በስምሽ የመለስኩላት መልእክት

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

አፈር ካለበስንሽ አስር ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ሊዲያም ቀኑን እንደምትቆጥር አውቃለሁ፤ ግን አብረን አንቆጥርም። ልጃችን ከኔ ጋር የምታወራው ወተት ሲያልቅና ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ሰው ስታጣ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚያስቅሽን ልንገርሽ። አሰልጣኝ ሆኛለሁ። ፊሽካሽን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አንቺ የስኪ ክለብሽን ታሰለጥኚበት በነበረው የአስፋልት መንገድ ላይ፣ የሰውን ልጆች ጎማ በተገጠመለት ስኪ አሰለጥናለሁ። ሚኒሶታ ሳለን አንቺ በረዶው ላይ ስትንሸራተቺ መኪና ውስጥ ሂተር ከፍቶ ይጠብቅሽ የነበረው ሰውዬ! ቴክሳስ ስንመጣ «በረዶ በሌለበት አገር ስኪ ታስተምሪያለሽ?» እያልኩ ስንት ቀን ቀለድኩብሽ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ወደቅኩ። ሕፃናቱ ክንድና ክንዴን ይዘው ሲያነሱኝ ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር።

እንዴት እንደገባሁበት ግን አያስቅም።

ያን አርብ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ስትወድቂ ሊዲያ ከቡድኑ ጋር ኮሎራዶ ነበረች። እውነተኛ በረዶ ላይ የመጀመሪያ ውድድሯ ነበር፤ አንቺ ሥራ ቦታ የሚተካሽ አጥተሽ ቀረሽ። ሐኪሞቹ ጭንቅላትሽ ውስጥ ደም ፈሷል አሉኝ። እኩለ ቀን ሳይሞላ አለፍሽ። ቤቱ በሰው ሲሞላ አጎትሽ ጋሽ መኮንን ከፎርት ዎርዝ ደረሱና «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ለልጅ፣ ያውም በባዕድ መሀል። ትወዳደር። እሑድ ትምጣ፣ እህል ትቅመስ፣ ከዚያ ቁጭ አድርገን እናረዳታለን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። አባቴ ሲሞት እኔንም እንዲሁ ነው ያረዱኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክሽ ጮኸ። የሊዲያ መልእክት ነው፤ «ማሚ፣ ስታርት ላደርግ ነው፣ ፕሬይ አድርጊልኝ» ይላል። ዝም ካልኩ ትደውላለች፤ ድምፄን ከሰማች ታውቃለች ብዬ ፈራሁ። «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ እየጸለይኩልሽ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ከውድድሩ በኋላ እየሳቀች የተነሳችውን ፎቶ ላከች። «ኮራሁብሽ» አልኳት። አውሮፕላን እስክትሳፈር ድረስ ለጻፈችልሽ ሁሉ እኔ አንቺን ሆኜ መለስኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ቤት ግን ሽማግሌ እስኪናገር እንኳ አልጠበቀም። ያን ሁሉ ነገር ስናስብ በራችን ላይ የተደረደረውን የለቀስተኛ ጫማ ያሰበ አልነበረም። እሑድ ሊዲያ ሻንጣዋን እንደያዘች ጫማውን እያየች ቆመች፤ ማንም ሳይነግራት ገባት። የበረዶው ፀሐይ ያቀላው ፊቷ ገና አልለቀቀም ነበር። የዚያን ዕለት አላለቀሰችም። በቀብርሽ ማግስት ግን «ዳዲ፣ አንተ ነህ ቴክስት ያደረግከኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ስኪዋን ጋራዥ ውስጥ ወረወረች፤ እኔንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተወችኝ።

ክለቡ ያለአሰልጣኝ ቀረ ሲሉ በጎ ፈቃደኛ እሆናለሁ ብዬ እጄን ያወጣሁት ለክለቡ አዝኜ አይደለም። እዚያ ከቆምኩ ሊዲያ ትመጣለች ብዬ ነው። አልመጣችም። ክረምቱን ሙሉ በዚያ በቴክሳስ ሙቀት የመንገዱን መግቢያ ሳይ ከረምኩ። ልጆቹን ጥዬ መሄዱም አልሆነልኝም።

ባለፈው ወር ሩት የምትባል ትንሽ ልጅ ዳገቱ ላይ ደክሟት ስንት እንደቀረ ጠየቀችኝ። «ደርሰሻል፣ ከዚያች ዛፍ ወዲያ ነው» አልኳት። ውሸት ነው፤ ገና ሁለት ዳገት ይቀራታል። ማበርታቴ ነበር። ዛፏን አልፋ የቀረውን ስታይ የስኪ ምርኩዞቿን ጥላ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ያስለቀሳት ድካሙ አልነበረም። «ኮች፣ ደርሰሻል ብለኸኝ ነበር እኮ» እያለች ነው የምታለቅሰው። አጠገቧ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሁለት ዳገት እንደቀረም ነገርኳት። እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። እየተነጫነጨች ሁለቱንም ወጣቻቸው።

ያንኑ ቀን ከሰዓት የሊዲያ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ መኮንንን አላነሳሁም፣ ባህላችን ነው አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት።  ከዚያ «እኔ ስታርት ሳደርግ ማሚ ሞታ ነበር?» አለችኝ። ጥሩዬ፣ አፌ ላይ ሌላ መልስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። «አዎ፣ ከአንድ ቀን በፊት» አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ልይዛት ስል እጄን ገፋችው። ስልክሽን ዘረጋሁላት፤ እሱንም መለሰችልኝ። «ቻርጅ አድርገው። ግን ከፍተህ እንዳታነብ» ብላ በሩን ዘጋች።

ይቅር አላለችኝም። ዕድሜ ልኳንም ላትለኝ ትችላለች። ስልክሽ ግን ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ቻርጅ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ጮኸ። ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋትም ጮኸ። የልጃችን ስም ይበራና ይጠፋል፤ መልእክት የምትልክልሽ እሷ ናት። እጄ ሄዶ ይመለሳል። ምን እንደምትልሽ አላውቅም፤ ምናልባት እኔን እየከሰሰችልሽ ይሆናል። ትክሰሰኝ።

እንዴት እረሳሻለሁ? ፊሽካሽን በነፋሁ ቁጥር አፍሽ የነካውን ነው የምነካው። ስንት ቀረ ላለኝ ልጅ ሁሉ የቀረውን እነግረዋለሁ። ያቺ ስልክም ባትሪዋ አንድ ቀንም አያልቅም፤ እስክሞት ድረስ አልከፍታትም። በስምሽ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልጽፍም። ይቺን የጻፍኩልሽ በራሴ ስም ነው።

ባልሽ ግርማ