አርጤምስ ጉልበቷን አትሸፍንም

ፈዲላዬ፣

በዚህች ጠባብ ፖስት ካርድ ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ ጥፋቴን አምናለሁ፦ ዛሬ አክስቴን አልታዘዝኩም።

ላስ ቬጋስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ግሪኮች የአደን አምላክ የሚሏትን የአርጤምስን ሐውልት አየሁ። የጥንት ሮማውያን ናቸው ከእብነበረድ የቀረጿት። እጆቿ ተሰብረዋል፣ ግን አሁንም ትሮጣለች። ቀሚሷም ከጉልበቷ በላይ ነው።

አክስቴ ሱልጣና ስልኳን ደግና፣ «ፎቶው ደሴ ላለው የቤተሰብ ግሩፕ ነው የሚላከው! ፊቷ ቁሚና ጉልበቷን ሸፍኚልን» አለችኝ። አጎቴ ሙስዐብ ይባስ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ እንደ መጋረጃ ዘረጋ። ዕድሜውን ካዚኖ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ድንጋይ አሳፈረው!

«አክስቴ፣ እሷ ስንት ዘመን ያልሸፈነችውን እኔ በየት በኩል ልሸፍነው?»

«አፍሽን ያዢ!»

እኔና አንቺን ሜዳ ላይ ስንሮጥ «ሴት ልጅ አትሮጥም» ማለታቸው አንሶ፣ እዚህ ደግሞ ድንጋዩን ሊያስቆሙ! እምቢ አልኩ። ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ የአክስቴን ስልክ ይዤ ተመለስኩ፤ ከአርጤምስ ጎን እንደሷ እግሬን አንስቼ ፎቶ ተነሳሁና ለግሩፑ ላክሁት።

እማማን ሳሚልኝ፤ የሩጫ ቡድናችንንም ሰላም በይ፣ ልምምድ እንዳታቆሙ። ቦታው አለቀብኝ። አክስቴ ስልኳን ከፈተች፣ መነጽሯን አደረገች...

«ረምላ!»